አባቴ ቶምና ጄሪን በጆሮው ያያል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አመሻችሁ? ጠዋት የምትሰሙኝ ካላችሁ ደግሞ እንደምን አደራችሁ።

ከኋላ የሚሰማችሁ ዝናብ ነው። ቆርቆሮው ላይ ነው የሚወርደው። መስኮቱን ዘጋሁ፣ መጋረጃውን ጎተትኩ፣ በብርድ ልብስም ሞከርኩ፤ አልሆነም። ሐምሌ ነው፤ ደሴ ነው። እንዳለ ተቀበሉት።

ዛሬ ትልቅ ርዕስ አልያዝኩም። ሰኞዬን እንዳለች ልነግራችሁ ነው። ወፍጮ ቤት፣ ገበያ፣ ሥራ፣ መድኃኒት ፍለጋ፣ ከዚያ ማታ ላይ ካርቱን። ካርቱን ያልኩት ቶምና ጄሪን ነው። እኔ 34 ዓመቴ ነው። አባቴ 70ን አልፏል። የወንድሜ ልጅ አቡሽ ደግሞ ገና 7 ዓመቱ ነው። ሦስታችንም እኩል የምንስቅበት ነገር ይሄ ብቻ ነው ብል አላጋነንኩም። አባቴ ግን ዓይኑ አያይም። ቆይ፣ እሱን በቦታው እነግራችኋለሁ። ከጠዋቱ ልጀምር።

12 ሰዓት ላይ በሩን ስከፍት ጦሳ የለም። ተራራው ማለቴ ነው። ክረምት ላይ ጦሳ ጉም ተከናንቦ ያድርና ረፋዱ ላይ ነው ብቅ የሚለው። አንዳንድ ቀን ጭራሽ ሳይታይ ይመሻል። እናቴ የአየር ትንበያ አትሰማም። ጦሳን አይታ ነው ጃንጥላ የምታስይዘን።

ዛሬ ከጃንጥላው ጋር ማዳበሪያም አስያዘችኝ። ትናንት ቀኑን ሙሉ ለበሶ ገብስ ስትቆላ ነበር። የተቆላውን ከማዳበሪያው ከትታ፣ ላዩን በላስቲክ ጠቅልላ፣ አፉን በገመድ ጥብቅ አድርጋ አስራ ሰጠችኝ። «ውሃ እንዳይነካው አደራ» አለችኝ። አቡሽ ቦት ጫማውን አደረገና ተከተለኝ። ትምህርት ተዘግቷል፤ ወንድሜና ሚስቱ ሥራ ይገባሉ፤ ስለዚህ ክረምቱን ከእኛ ጋር ነው የሚውለው።

በሶ ቀላል ይመስላል እንጂ ወፍጮ ቤት ላይ ጣጣ አለው። በርበሬ በተፈጨበት ላይ ዝም ብሎ አይፈጭም፤ ጠረኑን ይስባል። ስለዚህ ባለወፍጮው በሶ ያመጣነውን ሰዎች አንድ ላይ ያቆየናል። መጀመሪያ ትንሽ እህል ለቆ ወፍጮውን ያጸዳል። ከዚያ በተራ ይፈጭልናል። ዛሬ ስንደርስ አምስት ሴቶች ቀድመውናል። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ።

ወፍጮ ሲቆም ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? በአንዴ አይቆምም። ጩኸቱ ከነበረበት ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ መጨረሻ ላይ ኩፍ ብሎ ዝም ይላል። አቡሽ ቀና ብሎ አየኝና «አክስቴ፣ ቶም ከጣሪያ ወደቀ!» አለኝ። ሴቶቹ አልገባቸውም። እኔ ግን ገባኝ። ከማን እንደተማረውም አውቃለሁ።

መብራቱን ግማሽ ሰዓት ጠበቅነው፤ አልመጣም። ባለወፍጮው ስሜን ማዳበሪያው ላይ ጻፈልኝና «ተይው፣ ሲመጣ እፈጭልሻለሁ» አለኝ። ትተንለት ወጣን።

ከዚያ ሰኞ ገበያ። ቀኑም ሰኞ ስለሆነ ሰዉ ከየገጠሩ ገብቷል። ዝናብ ቢሆንም ገበያው ገበያ ነው። ድንችና ሽንኩርት ገዛሁ፣ ለእናቴ ጌሾ ጠየቅኩ፣ ዋጋው አልተመቸኝም፣ ተውኩት። አቡሽ ጭቃው ውስጥ እየገባ ይወጣል። ቦት ጫማ ያደረገ ልጅን ከጭቃ መከልከል አይቻልም፤ አልሞከርኩም።

ሥራዬን የማታውቁ ካላችሁ፣ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ላሚኔት ማድረጊያ። ሐምሌ ላይ ሥራው የተለያየ ነው። ፋይዳውን አትሞ ላሚኔት የሚያስደርግ አለ። ሥራ ለማመልከት ሲቪ የሚያስጽፍ አለ። ጥናቱን የሚያስጠርዝ ተማሪ አለ። ወደ ሦስት ሰዓት አካባቢ በእኛ በኩል መብራት ነበረ፤ ፈጠን ፈጠን ብዬ የተጠራቀመውን አተምኩ።

ከሁሉም ግን አንድ እናት ናቸው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ ያልጠፉት። ነጠላቸው ረጥቧል። ጃንጥላቸውን በር ላይ አስቀምጠው ገቡና «ልጄ፣ ማመልከቻ ጻፊልኝ» አሉኝ። የውሃ ቆጣሪ ጉዳይ ነው። እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ይሄን ሥራ ለዓመታት ስለሠራሁት እጄ የለመደው አካሄድ አለው። «በመሆኑም» ብሎ ይነሳል፣ «በትሕትና እለምናለሁ» ብሎ ይዘጋል። ስንጨርስ «አንብቢልኝ» አሉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለት እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ነው የሚሰሙኝ። አነበብኩላቸው። መጨረሻው ላይ ስደርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

«እኔ እለምናለሁ አላልኩም» አሉኝ። «እጠይቃለሁ ነው ያልኩት።»

ልክ ናቸው። እንደዚያ ነበር ያሉት። እጄ ነው በልማድ የለመነው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፣ አስተካከልኩ፣ እንደገና አነበብኩላቸው። «አዎ፣ አሁን የኔ ነው» አሉና መርቀውኝ ሄዱ። እኚህ እናት ፊደል አልቆጠሩም። አንዷን ቃል ግን ከአንድ ገጽ መሃል በጆሯቸው ብቻ ነቅሰው አወጧት። እስኪ አስቡት። ማንበብ የምንችለው ሰዎች ስንቱን ነገር ሳናዳምጥ ነው የምንፈርመው?

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ።

አባቴ ግላኮማ አለበት። ዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ግፊቱ ይጨምርና ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ እየጎዳ ይሄዳል። ክፋቱ አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ብዙ ጊዜ ከዳር ነው የሚጀምረው። ፊት ለፊት እያያችሁ ከጎን ያለው ቀስ በቀስ ይጠፋል፤ ሰውም ሳያውቀው ዓመታት ያልፋሉ። የጠፋው አይመለስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። እባካችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ 40 ዓመት ያለፈው ሰው ካለ፣ በተለይ ከቤተሰቡ ግላኮማ ያለበት ካለ፣ የዓይን ግፊቱን አስለኩለት። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። እኛ ዘግይተናል። የአባቴ ግራ ዓይኑ ጨርሶ ጠፍቷል፤ በቀኙ ብርሃንና ጥላ ይለያል።

ጠብታው ለዛሬ ማታ እንደማይበቃ ጠዋት ብልቃጡን ስነቀንቀው አውቄያለሁ። ከተማው ውስጥ ሦስት ፋርማሲ ጠየቅኩ፤ አልቋል። ደዋውዬ ኮምቦልቻ አንድ ቦታ አገኘሁ። «እስከ 11 ሰዓት ከመጣሽ አስቀምጥልሻለሁ» አለችኝ ልጅቷ። ሰባት ሰዓት ላይ ቤቱን ዘግቼ፣ አቡሽን ይዤ ሚኒባስ ገባሁ።

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚራራቁት። መንገዱን የማታውቁት ግን ቁጥሩ እንዳያታልላችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ። የሐረጎን ቁልቁለት ነው የምትወርዱት። ከላይ ጉም፣ ሹራብ፣ የተዘጋ መስኮት። መሃል ላይ ጉሙ እንደ መጋረጃ ይገለጣል። ታች ስትደርሱ ሹራቡ ወገባችሁ ላይ ይታሰራል። የቦርከና ውሃም እንደኛው ከደሴ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤ በሐምሌ ደፍርሶ ቡናማ ሆኖ።

ሐረጎን ስወርድ ሁሌም የአባቴ ድምፅ ነው የሚመጣብኝ። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ፊያት ኤን ትሬ ነው የነዳው። ከኮምቦልቻ በባቲ፣ በሚሌ፣ በሎጊያ፣ በኤሊዳር፣ በቡሬ አድርጎ አሰብ። ዕድሜውን የጨረሰው በዚህ መንገድ ነው። በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር መንገዱ ተዘጋ። እሱም ወደ ጅቡቲ መስመር ዞረ። ልጅ ሆነን አንዳንዴ ከጎኑ ያስቀምጠንና ሐረጎ ላይ ያስተምረን ነበር። «ዓይንሽ መንገዱን ይይ፤ መኪናውን በጆሮሽ ነው የምታዪው» ይለኝ ነበር። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ላይ አይቆምም። ማርሽ ይቀንስና ሞተሩን ያዳምጣል። «ስሚ፣ አቃሰተ። ስሚ፣ አሁን ያዘ። ስሚ፣ አሁን ተመቸው።» እኔ ጩኸት ብቻ ነበር የሚሰማኝ። እሱ ግን ሞተሩ እየተናገረ ነው የሚሰማው።

መሪውንም የተወው በራሱ ነው። ማንም አልነገረውም። በአንድ ሳምንት ውስጥ የቀኝ መስታወቱን ሁለቴ አጋጨ። ቁልፉን ለባለቤቱ አስረከበና መጣ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ዓይኑን የተመረመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ጠብታውን አገኘን። አቡሽ ኮምቦልቻ ፀሐይ በማየቱ ብቻ ተደስቶ ሙዝ በላ። ስንመለስ ሐረጎ ላይ ዝናቡ ተቀበለን፤ ሱቅ ስደርስ መብራት የለም። ጥናቱን ሊያስጠርዝ የመጣው ልጅ በር ላይ ቆሟል። ጥራዝ መብራት አይፈልግም፤ ቀዳዳውን በእጅ በስቼ፣ ስፓይራሉን አስገብቼ በስልክ መብራት ጨረስኩለት። ወፍጮ ቤት ደወልኩ። «ኧረ አልመጣም» አለ። እሺ፣ ነገ።

አሁን ማታውን ልንገራችሁ። ማይኩን የከፈትኩት ለዚህ ነው።

አባቴ አሰብ ሲመላለስ በ1989 ዓ.ም. አንድ 14 ኢንች ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ይዞ መጣ። 6 ዓመቴ ነበር። ከዚያ በፊት ቴሌቪዥን የምናየው ጎረቤት ሄደን ነው። አባባ ተስፋዬን፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ጎረቤት ምንጣፍ ላይ ተደርድረን ነው ያየናቸው። እሳቸውም ያረፉት በሐምሌ ነው፤ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ 24። ተረታቸውን ለመስማት ዝም የምንለው ዝምታ ትዝ ይለኛል።

ከማጫወቻው ጋር የመጣው ካሴት አንድ ብቻ ነበር። ቶምና ጄሪ። ሌላ ካሴት ሳይኖረን ስንት ጊዜ እንዳየነው እግዜር ይወቀው። አባቴ ከመንገድ ሲመጣ ከናፍጣ ሽታው ጋር መሬት ላይ ከእኛ መሃል ይቀመጣል። ሁለት ሳምንት ያላየነው አባት ነው። ምን እንደምንለው አናውቅም፤ እሱም አያውቅም። ካሴቱ ይገባል። ቶም መጥረቢያ ይዞ ሲሮጥ፣ ሲንሸራተት፣ ከግድግዳው ጋር ሲላተም አራታችንም በአንዴ እንፈነዳለን። አባቴ ከሳቀ እንባው ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ወሬው ይመጣል። «ትምህርት እንዴት ነው? እናታችሁን አላስቸገራችሁም?» የአባቴን ፍቅር ያወቅኩት በዚያ ሳቅ ነው። ሌላ መግቢያ በር አልነበረውም።

ንግግር የለበትም ማለት ይቻላል፣ አያችሁ። እንግሊዝኛ የሚችል የማይችል፣ ትልቅ ትንሽ፣ የተማረ ያልተማረ እኩል ነው።

ዓይኑ ከጠፋ በኋላ ግን እሱ ባለበት ካርቱን መክፈት ተውን። ማንም «እንተው» አላለም። ዝም ብለን ተውን። ያዘንንለት መስሎን ነው። ያለፈው ክረምት አንድ ቀን አቡሽ በስልኬ ከፍቶ እያየ ነው። አባቴ ማዶ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ መቁጠሪያውን ይቆጥራል። ድንገት «ወደቀ!» ብሎ ሳቀ። አቡሽም በዚያው ቅጽበት ሳቀ። እኔ ደንግጬ ቆምኩ። ስክሪኑ ላይ ቶም ከደረጃ ተንከባሎ ወርዷል።

«አባዬ፣ እንዴት አወቅክ?»

«ስሚው እንጂ» አለኝ። «በእግሩ ጣት ወጣ። ቆመ። ዞር አለ። ረገጠና አዳለጠው። ሞተር እኮ ነው። አንዱን ሳይነግርሽ አያልፍም።»

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን ለማወቅ የጓጓሁት። ፊልሞቹን ዊሊያም ሃናና ጆሴፍ ባርቤራ ናቸው የጀመሯቸው፤ እንደ ፈረንጆቹ በ1940። በመጀመሪያው ፊልም ላይ ድመቱ ቶም አይባልም ነበር፤ ጃስፐር ነበር ስሙ። ሁለቱ እስከ 1958 ድረስ 114 አጫጭር ፊልሞች ሠሩ። ከእነሱ 7ቱ ኦስካር አግኝተዋል። የቶም ያ ጩኸት፣ ጅራቱ ሲያዝ የሚጮኸው፣ የራሱ የሃና ድምፅ ነው። ሁሉም በእጅ ነው የተሣለው። ለአንዷ ሰከንድ 24 ፍሬም ይፈልጋል። 7 ደቂቃ ስታሰሉት ከ10 ሺህ በላይ ይመጣል። አንዱ ሥዕል ለሁለት ፍሬም ቢያገለግል እንኳን ስንት እጅ እንደደከመበት አስቡ።

ሙዚቃው ደግሞ የስኮት ብራድሊ ነው። የዚህን ሰው ስም ማንም ልጅ አያውቀውም፤ ሥራውን ግን ዓለም በሙሉ ሰምቶታል። ኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ ውስጥ የነዚያን ፊልሞች ሙዚቃ ለኦርኬስትራ የጻፈው እሱ ነው። እያንዳንዷ እርምጃ፣ እያንዳንዷ የዓይን ጥቅሻ ኖታ አላት። ጄሪ ሲሮጥ የሚሮጥ መሣሪያ አለ፤ ቶም አድፍጦ ሲራመድ ከእግሩ ጋር የሚራመድ አለ። ሃናም ሥዕሉን ሲያቅድ በሙዚቃ ምት ቆጥሮ ነበር የሚያቅደው፤ ስለዚህ ሥዕሉና ድምፁ ከአንድ ቆጠራ ነው የወጡት። በሙያው ውስጥ ይሄ አሠራር ሚኪ ማውሲንግ ይባላል። አንዳንድ የሙዚቃ ሰዎች ይንቁታል፤ ሙዚቃው የሥዕሉ አሽከር ሆነ ይላሉ። እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ። ያ አሽከር የሚሉት ሙዚቃ ነው አባቴን እጁን ይዞ ፊልሙ ውስጥ የሚያስገባው።

አቡሽ ሌላም ያያል። ስልክ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያልፉትን አልወድለትም፤ እነሱ ላይ አባቴ «ይሄ ጫጫታ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ግን እከፍትለታለሁ። ብሩክታዊት ጥጋቡ እዚሁ አገራችን በአማርኛ ያቆመችው ሥራ ነው። ቀጭኔዋ ፀሐይ ስትናገር አቡሽ አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማት። አባቴም ይወዳታል፤ ሥርዓት አላት ይላል። መሳቅ ሲያምረው ግን ቶምን ነው የሚጠይቀው።

ዛሬ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ መብራት መጣ። እናቴ ቡና አፈላች። አንደኛውን ከጠጣን በኋላ አንድ ሰዓት ሆነ፤ የጠብታ ሰዓት። አባቴ አንገቱን ወንበሩ ላይ ያስደግፋል። የታችኛውን የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቴ ዝቅ አደርጋለሁ። አንዲት ጠብታ። ከዚያ ዓይኑን ይጨፍናል፤ እኔ ከአፍንጫው ሥር ያለችውን የዓይኑን ጥግ በጣቴ ጫን አድርጌ እይዛለሁ። መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ነው። ሁለት ደቂቃ። በእነዚህ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ አንነጋገርም። የደም ሥሩ ጣቴ ላይ ሲመታ ይሰማኛል። «በረደኝ» ይላል ሁሌ፤ ዛሬም አለ። ከኮምቦልቻ በሻንጣዬ ያመጣሁት ስለሆነ ዛሬ ሞቅ ያለ ነው። ግን ልማዱ ነው።

ከዚያ ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ። አቡሽ የዛሬውን እንዲመርጥ ተራው ነበር፤ ለአያቱ ለቀቀለት። አባቴ ምን እንደሚመርጥ እናውቃለን። ፒያኖውን ነው። ቶም ጥቁር ኮቱን ለብሶ፣ እጅ ነስቶ፣ ፒያኖው ፊት ይቀመጣል። የሚጫወተው የፍራንዝ ሊስትን ሁለተኛ የሃንጋሪ ራፕሶዲ ነው። ጄሪ ፒያኖው ውስጥ ተኝቷል። ሙዚቃው ይቀሰቅሰዋል፤ ከዚያ ጦርነት ነው። ይሄ ፊልም ኦስካር ካገኙት አንዱ ነው።

አባቴ ሲሰማ እጆቹን አያችሁ? የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ይይዛል። መሪ እንደሚይዝ ነው። ቀኙ ወጣ ብሎ ማርሽ ላይ እንዳለ ያህል ይንቀሳቀሳል። ቶም ቀስ ብሎ ሲጫወት ጣቶቹ ቀስ ይላሉ። ጄሪ ከውስጥ ሲነካካ ጆሮውን ዘንበል ያደርጋል። «መጣልህ» ይለዋል ለአቡሽ። «አሁን ጣቱን ሊቀረቅረው ነው።» ጧ! ሁለቱም ይስቃሉ።

መጨረሻው እየደረሰ፣ ሙዚቃው እየፈጠነ፣ መብራት ጠፋ።

ድቅድቅ ጨለማ። ዝናቡ ብቻ። አቡሽ «አይይይ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ስልኬን ለመፈለግ ተነሳሁ። አባቴ ግን አላቆመም። በአፉ ቀጠለው። ታራራ ራራ፣ ታራራ ራራ፣ እየፈጠነ፣ በጣቱ መደገፊያውን እየመታ። አቡሽ በጨለማው ተንፏቅቆ ሄዶ እግሩ ሥር ተቀመጠ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው።

«አባባ፣ አሁን ምን ላይ ናቸው?»

«ቶም ጨርሻለሁ ብሎ ሊነሳ ነው። ጄሪ ግን አልለቀቀውም። እንደገና ጀመረበት።»

«ከዚያስ?»

«ቶም ላብ በላብ ሆኗል። ኮቱ ተቀደደ። ፀጉሩ ተንጨባረረ። ስማ፣ ታራራ ራራ! አሁንም አልለቀቀውም።»

«ወደቀ?»

«ቆይ፣ አትቸኩል። እየተንገዳገደ ነው።»

እኔ ቆሜ ቀረሁ። ስልኬን አልፈለግኩትም። እናቴ ከጓዳ ሻማ ለኩሳ፣ እሳቱን በእጇ ከልላ መጣች። አቡሽ ብርሃኑን በር ላይ ሲያየው ተነስቶ እጁን ዘረጋ።

«እማማ ቆይ፣ አታምጪው! ገና አላለቀም።»

እናቴም እፍ ብላ አጠፋችውና በጨለማው መጥታ ከጎኔ ቆመች።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰዓት አልፏል። መብራቱ አልመጣም፤ ይሄን የምቀዳው በስልኬ ነው። አቡሽ አያቱ ጎን ተኝቷል። ገብሱ ወፍጮ ቤት ነው፤ ነገ በጠዋት እሄዳለሁ።

ደህና እደሩ።